በከተማ ትምህርት ቤቶች ፎቅ መሥራት ይገባል ወይ?

የመወያያ ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የቆዩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲታደሱ ባለ አንድ ወለል ክፍሎቻቸው ፈርሰው ባለ አራት ወለል ሕንፃ ይተካቸው፣ ወይስ ተጠግነው ይቆዩ?

መሐንዲስ፦ ፎቁን የምደግፈው በመሬት ጥበት ምክንያት ነው። ሃያ ክፍሎች በአንድ ወለል ከተዘረጉ ግቢውን ይሸፍኑታል፤ በአራት ወለል ሲደራረቡ ግን የአምስት ክፍል ቦታ ብቻ ይዘው የቀረው ለመጫወቻ ሜዳና ለዛፍ ይተርፋል። የአገራችን መስፈርት በአንድ ክፍል ከ50 ያልበለጡ የአንደኛ ደረጃ፣ ከ40 ያልበለጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዲማሩ ይጠይቃል። ይህን ጠብቀን ፈረቃን ማስቀረት ከፈለግን ወደ ላይ ከመሥራት ሌላ መንገድ አይታየኝም።

መምህር፦ ስሌቱን አልቃወምም፤ አሮጌዎቹን ክፍሎችም አልናፍቃቸውም። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ክፍል ለዓመታት ስላስተማርሁ፣ የሰኔ ዝናብ ሲወርድ ድምፄ ከፊተኛው ወንበር አላልፍ ብሎ ጠመኔዬን አስቀምጬ እስኪያባራ መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን የማስተምረው በፎቅ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ በአራተኛው ወለል ስለሆነ በክራንች የምትሄድ ተማሪዬ መጽሐፍ የምታገኘው ጓደኛዋ ስታወርድላት ብቻ ነው። ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ የሚያስወጣ ተዳፋት መንገድ አለ፤ ሆኖም የዋናውን በር ሦስት ደረጃዎች አሻግሮ እዚያው ያበቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ መግቢያውን ብቻ ሠርቶ ግዴታዬን ተወጣሁ ማለት ግን ልጅቷን ከደጃፍ ማስቀረት ነው። ውኃውም ግፊቱ ሲቀንስ ወደ ላይ ስለማይወጣ የላይኞቹ መጸዳጃ ቤቶች ይቆለፋሉ። የወር አበባ የመጣባት ልጅ በአጭር እረፍት ሦስት ወለል ወርዳ፣ ተሰልፋ መመለስ ሲያቅታት ቤቷ መዋልን ትመርጣለች።

ወላጅ፣ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) አባል፦ መምህር፣ ስለ ልጆቻችን ስለተናገሩልን እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ስለ ምግቡ ልጨምር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ አለ፤ የእኛ ሕንፃ ሲነደፍ ግን ምገባ ስላልታሰበ ልጆቹ በሚማሩበት ዴስክ ላይ ይበላሉ፣ እናቶችም በቆርቆሮ ከለላ ሥር በጭስ ታፍነው ያበስላሉ። በምድር ወለል የመመገቢያ አዳራሽ ቢኖርና ወደ መንገዱ የሚከፈት የራሱ በር ቢሠራለት፣ ማታ ለጎልማሶች ትምህርት፣ ቅዳሜም ለዕድርና ለሰፈር ስብሰባ ይሆናል።

መሐንዲስ፦ እህቴ፣ የአዳራሹን ነገር ሳልጠራጠር እቀበላለሁ። ራምፕን በተመለከተ ግን ችግሩን በግልጽ ላስቀምጥ። ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ስለሚያስፈልግ፣ ሦስት ሜትር ከፍታ ላለው ለእያንዳንዱ ወለል ማረፊያዎቹን ሳይጨምር 36 ሜትር ይፈልጋል፤ ይህም ያተረፍነውን ሜዳ ይበላል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ሙከራና አዳራሽ በምድር ወለል ይሁኑ፤ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ያለበትም ክፍል በየዓመቱ ወደ ታች ይመደብ። አስቀድሞ ተጠቃሚውን መጠየቅ እንደሚገባ ደግሞ የቡርኪና ፋሶዋ መንደር ጋንዶ ምስክር ናት። በ2001 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀውን የጋንዶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነደፈው የመንደሩ ልጅ ፍራንሲስ ኬሬ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ በሥራው ተካፍለው የሸክላ ጡቡን በአካባቢያቸው አፈር ሠርተዋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያው ከጡብ ኮርኒሱ በላይ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ በመካከሉ ነፋስ ያልፋል። ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. ለሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የፕሪትዝከርን ሽልማት ተቀብሏል። ንድፉ ለሞቃት አገር የተሠራ በመሆኑ ለአዲስ አበባ ብርድ እንዳለ አይገለበጥም።

መምህር፦ በዚህ ከተስማማን የቀረን ልዩነት በገንዘቡ ቅደም ተከተል ላይ ነው። እኔ የምለው፣ በምድር ወለል ያሉት የጋራ ክፍሎች፣ ወጥ ቤቱና ውኃ የማይቋረጥባቸው መጸዳጃ ቤቶች ተሠርተው አገልግሎት መስጠት ሳይጀምሩ ለሁለተኛው ወለል ኮንክሪት አይሞላ።

መሐንዲስ፦ ሥራውን ለሁለት መክፈል ወጪውን ያንረዋል፤ ፈረቃውንም ያራዝመዋል። እኔ ሁሉም በአንድ ውል እንዲሠራ፣ ነገር ግን መጸዳጃ ቤቱና ወጥ ቤቱ ሳይጠናቀቁ ርክክብ እንዳይፈጸም እጠይቃለሁ።

ወላጅ፦ እንግዲያው በርክክቡ ቀን ከእኛ ከወላጆች አንድ ሰው ይፈርም።