ድመቴ ስኳር ይዟታል፤ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። 11 ዓመት አብራኝ የኖረችው ድመቴ ባለፈው ሳምንት ስኳር እንዳለባት ተነገረኝ። ውሃ አልጠግብ ብላ፣ እየበላችም ስትከሳ ነው የወሰድኳት። ግላርጂን የሚባል ኢንሱሊን (ስኳር የሚያወርድ መርፌ) ታዘዘላት፤ በየ12 ሰዓቱ 1 ዩኒት።

ትናንት ማታ መርፌዋን ወጋኋት። ከዚያ ምግቧን አሽትታ ተወችው። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው፤ መጀመሪያ መብላቷን ማየት ነበረብኝ። ሦስት አራት ሰዓት ቆይቶ እግሯ ተብረከረከ፣ ዓይኗ ፈዘዘ። በእናቴ የስኳር መለኪያ ከጆሮዋ ጫፍ ጠብታ ደም ወስጄ ሳየው 48 ይላል፤ በጣም ወርዷል። የሰው መለኪያ የድመትን ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ አውቃለሁ፤ ግን ሁኔታዋ ያስፈራ ነበር። ድዷን ማር ቀባሁላት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀስ በቀስ ነቃች፣ ተመስገን።

ዛሬ ጠዋት ትንሽ ቀመሰች፤ መለኪያው 290 አለ፤ አሁን ደግሞ ከፍ ብሏል። መርፌውን አልደፈርኩም። እንዳልተወውም ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ደም ውስጥ የሚጠራቀም ጎጂ አሲድ) ይፈጠርባታል ብዬ ሰጋሁ። ሐኪሟ ስልክ አያነሳም።

ዛሬ እሑድ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም የምታውቁ ጠቁሙኝ። ግማሽ ዩኒት የሚለካ ስሪንጅስ የት ይገኛል? ደግሞ የኋላ እግሯን በተረከዟ ነው የምትረግጠው። ስኳሩ ሲስተካከል ይሄ የተመለሰላችሁ አላችሁ?