ቦክሰር 150 በርካሽ አገኘሁ፣ ግን ጭስ አለው፤ ልግዛው ወይስ ልተወው?

ጀማሪ_ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ሊሸጥልኝ ነው። ዋጋው እዚህ ደህና ከሚባለው በ45 ሺህ ብር ይቀንሳል። ባለቤቱ «ትንሽ ጥገና ነው የሚፈልገው» ይላል። ያየሁት ይህን ነው፦ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) በኩል ቸክ ቸክ የሚል ድምፅ አለው፤ ቾክ ካልተሳበ ሚኒሞ አይዝም (ነዳጅ ካልተሰጠው ይጠፋል)፤ አራተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ካቴናውም ላልቷል። ሊብሬ አለው፣ ታርጋው የአዲስ አበባ ነው። የምፈልገው ከሐዋሳ ወንዶ ገነት ዕቃ ለማመላለስ ነው። 45 ሺው ለጥገናው ይበቃል? ከመክፈሌ በፊትስ ምን ላጣራ?

የጋራዥ_ልጅ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ መለየት ያለብህ ሞተሩ ሳይከፈል የሚጠገነውንና ለሁለት ተከፍሎ ብቻ የሚጠገነውን ነው። ፍሪሲዮን፣ ካርቡራቶር፣ ካቴና፣ ፒስተንና ፋሻ (ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች)፣ ቫልቭ፣ ሁሉም ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ሳይከፈል ይሠራሉ። ቢየላ (ፒስተኑን ከታች የሚይዘው ዘንግ) እና የማርሽ ጥርስ ግን ካርተር ያስከፍታሉ፤ እዚያ ከገባህ 45 ሺው ላይበቃህ ይችላል። ስለዚህ ማርሹ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ከታች በኩል ድብ ድብ የሚል ወፍራም ድምፅ ካለ፣ ዋጋው እንደገና ይነገር።

ስትሄድ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ገና ስትደርስ ሲሊንደሩን በእጅህ ንካው። ከሞቀ አስነስተው አሙቀውታል ማለት ነውና በማግስቱ ጠዋት ተመለስ። ሲነሳ ጭሱን ከኋላ ቆመህ እይ። ሲነሳ ቡፍ ብሎ በደቂቃ ውስጥ ከጠራ፣ ወይም ቁልቁለት ነዳጅ ዘግተህ ወርደህ መልሰህ ስትሰጠው ቡፍ ካለ፣ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ነው፤ ቀላል ነው። ከሞቀ በኋላም ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ሰማያዊ ከሆነ ፋሻና ሲሊንደር ነው። ጥቁር ጭስ ከሆነ ዘይት ሳይሆን ቤንዚን በዝቶበታል፤ አየር ማጣሪያውንና ካርቡራቶሩን ተመልከት።

ከዚያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት) ይለካ። ሞተሩ ሞቆ ካንዴላው ይውጣ፣ መለኪያው በቀዳዳው ይግባ፣ ቁልፉ ይዘጋ፣ በእጅ የሚዞረው ነዳጅ መስጫ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ የመለኪያው ቀስት መውጣት እስኪያቆም 6 ወይም 7 ጊዜ ይረገጥ። ብዙዎች እዚህ ይሳሳታሉ፦ ባሕር ጠለል ላይ ከ10 እስከ 11 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ሐዋሳ ላይ፣ በ1,700 ሜትር አካባቢ፣ ከ8 እስከ 9 ቢያሳይ ምንም አልሆነም፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። ከ7 በታች ካየህ ግን በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ እንደገና ለካ። በግልጽ ከጨመረ ግፊቱ የሚያመልጠው በፋሻው በኩል ነው። ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታና በሲሊንደር መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው።

ቸክ ቸክ የሚለው ብዙ ጊዜ የቫልቭ ክፍተት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ የመግቢያው 0.05፣ የመውጫው 0.10 ሚ.ሜ ይደረጋል። ከተስተካከለ በኋላም ድምፁ ከሲሊንደሩ ጎን ከቀጠለ የታይሚንግ ካቴናውን (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የሞተሩ የውስጥ ካቴና) እና መወጠሪያውን ተጠራጠር።

ካቴና_ወጣሪ

ፍሪሲዮኑን እኔ ልጨምር። ይጮሃል ግን አይሄድም ማለት ይንሸራተታል ማለት ነው። ሳይፈታ መጀመሪያ ሽቦው ይታይ፦ መያዣው ጫፍ ላይ 2 ወይም 3 ሚ.ሜ ባዶ ጨዋታ ከሌለ ሳትይዘውም ተይዟል፤ ማላላት ብቻ ሊበቃው ይችላል። ቀጥሎ የተጨመረው ዘይት ምን እንደሆነ ጠይቅ። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ስለሆነ ሰበቃ የሚቀንስ ንጥረ ነገር ያለው የመኪና ዘይት ከገባ የፍሪሲዮኑ ሸራ አይጨብጥም። 20ደብሊው50 (20W50) ሆኖ ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ያለበት ይሁን፤ የሚይዘው ወደ 1 ሊትር ነው። ከተፈታ ሸራዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የብረት ዲስኮቹም ይታዩ። ሰማያዊ የሆነ ዲስክ ተቃጥሏልና ይቀየር፣ ሞላዎቹም አብረው። አዲሱ ሸራ ሳይገጠም ዘይት ውስጥ ይደር፤ ደረቁን ከገጠሙት ቶሎ ሊቃጠል ይችላል።

ቾክ ካልተሳበ የማይሠራው የሚኒሞው ትንሿ ጂግለር (ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ) ስለተደፈነች ነው፤ ወይም በካርቡራቶርና በቴስታታ መካከል ያለው ጎማ ተሰንጥቆ አየር ያስገባል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ጎማውን በእጅህ ጨብጠህ ገፋ ሳብ አድርገው። ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው። ጂግለሯን በብረት ሽቦ የሚጎረጉር መካኒክ ካየህ አስቁመው፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች አትመለስም፤ በአየር ግፊት ትነፋ። ታንከሩን ደግሞ ከታች በጠርሙስ አስቀዳና ለ10 ደቂቃ አስቀምጠው። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ሲጠጣ የኖረ ከሆነ ውኃውና ዝገቱ ከሥር ይረጋል።

ካቴናው መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ከ2.5 እስከ 3 ሴ.ሜ ይንቀሳቀስ። የኋላው ጥርስ እንደ መንጠቆ ከተቆለመመ ግን መወጠር ዋጋ የለውም። ካቴናው፣ የፊት ጥርሱና የኋላ ጥርሱ አንድ ላይ ይቀየሩ፤ አዲስ ካቴና ያረጀ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል።

በመጨረሻ የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ መሪውን ግራና ቀኝ አዙረው። መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ዕቃ ጭነህ የምትሄድ ስለሆነ ይህንን እንዳትንቅ።

ሊብሬ_አንባቢ

ሞተሩ ይጠገናል፣ ወረቀት ግን አንዳንዴ አይጠገንም። የቻሲው ቁጥር መሪው የሚዞርበት ቱቦ ላይ ተመትቷል። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረገውና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየው። ሞረድ የነካው ሸካራ ቦታ፣ የተዛነፈ ቁጥር ወይም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካየህ ቀብድ እንዳትሰጥ። የሞተር ቁጥሩም እንዲሁ፤ ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልገባ ስም ማዞር ላይ ትቆማለህ።

ታርጋው የአዲስ አበባ ከሆነ ፋይሉ እዚያ ነው። ዕገዳ፣ የባንክ ዕዳ ወይም ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆኑን ከፋይሉ አጣራ። ከቀረጥ ነፃ ከሆነ ቀረጡ ማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ይታወቅ። «ውክልና እሰጥሃለሁ፣ ስም በኋላ ታዞራለህ» ቢሉህ እምቢ በል። ውክልና ይሻራል፣ ወካዩ ከሞተም ይቋረጣል። ሽያጩ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም፤ ሻጩ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ።

ጀማሪ_ሐዋሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ አስለካሁት፦ ሲሞቅ 6፣ ዘይት ከተጨመረ በኋላ 8 ባር። ጭሱ ከሞቀም በኋላ አለ። ማርሾቹ አይዘሉም፣ ከታች ድምፅ የለም። የቻሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ወጣ። ፋሻ ብቻ ብቀይርስ?

የጋራዥ_ልጅ

ከ6 ወደ 8 ከወጣ ፋሻና ሲሊንደር ነው፣ እርጥቡ ካንዴላም ያንኑ ይናገራል። ፋሻ ብቻ መቀየር የሚቻለው ሲሊንደሩ ካልሰፋና ካልተጫረ ነው። ሳይለካ «ፋሻ ብቻ» የሚልህን አትስማ። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካ። መደበኛው 56 ሚ.ሜ ነው። ኦቫል ከሆነ ወይም ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለ ሬቲፊካ (ሲሊንደር የሚያሰፉበት ቤት) ገብቶ ከመደበኛው በ0.25 ወይም በ0.50 ሚ.ሜ ለሚበልጥ ፒስተን ይሰፋ። ፒስተኑን ቀድመህ ግዛና ለሬቲፊካው ስጠው፤ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በእጅ ባለው ፒስተን ልክ ነው።

ሲሊንደሩ ሲወጣ አንተም እዚያ ሁን። ቢየላውን በጣትህ ያዝና ቀጥ አድርገህ ወደ ላይና ወደ ታች ሞክረው። ወደ ጎን መንቀሳቀሱ ተፈጥሮው ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽም ቢሆን ቀጭ ካለ ግን ካርተሩ መከፈቱ ነው። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ስትነጋገር ሲሊንደሩ ወጥቶ ቢየላው እስኪታይ ድረስ ቀሪ ሂሳብ ይቆይ በል፤ ውሉ ላይም ይጻፍ። ካልተስማማ ቢየላው አልቋል ብለህ አስበህ ዋጋ ጥራ።

የምትገዛው ፒስተን ከነፋሻውና ከነፒን መያዣ ቀለበቱ፣ የቴስታታና የሲሊንደር ጓርኒሲዮን፣ ሁለት የቫልቭ ጎሚኒ፣ ካንዴላ፣ 2 ሊትር ዘይት ነው። ሲገጠም የካርተሩ አፍ በጨርቅ ይሸፈን፣ የፒስተኑ ፒን መያዣ ቀለበት ከወደቀበት ሌላ ሥራ ነው። የፋሻዎቹ ክፍት ጫፎች በአንድ መስመር አይሁኑ፤ ጽሑፍ ያለበት ጎናቸው ወደ ላይ ይሁን።

ከተገጠመ በኋላ 300 ኪ.ሜ ላይ ዘይቱን ቀይር፣ ሁለተኛው ሊትር ለዚያ ነው። እስከ 500 ኪ.ሜ ወንዶ ገነት ዕቃ አትጫን፤ በአንድ ፍጥነት ረጅም አትንዳ፣ ከፍ ዝቅ አድርገው። ሚኒሞ ላይ አቁሞ ማሞቅም ፋሻውን ከሲሊንደሩ ጋር አያላምደውም።