ለውድድር ሆቢ 16 ልግዛ ወይስ ፎርሙላ 18?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ከቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ብዙም ሳልርቅ ነው። በትንሽ የሸራ ጀልባ ሁለት ዓመት ከተለማመድኩ በኋላ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምወዳደርበትን ካታማራን (ባለ ሁለት ቀፎ የሸራ ጀልባ) ለመግዛት ብወስንም፣ ምርጫው ላይ ተቸግሬአለሁ።

ሆቢ 16 ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ክብደቱ 145 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰሌዳ ስለሌለው ከአሸዋ ላይ በቀላሉ ይነሣል። ፎርሙላ 18 በስፒናከሩ (ከፊት በሚዘረጋው ትልቅና ቀላል ሸራ) ምክንያት ነፋሱን ተከትሎ ሲወርድ እጅግ ይፈጥናል፤ ይሁን እንጂ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የሁለታችን ክብደትም 138 ኪሎ ብቻ በመሆኑ ብርቱ ነፋስ ሲነሣ እንዳያሸንፈን እሰጋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ያየሁት ያገለገለ ሆቢ በጣም ማርኮኝ ነበር፤ ነገር ግን ከምሰሶው ፊት ያለውን የቀኙን ቀፎ የላይኛ ገጽ በአውራ ጣቴ ስጫነው ሰርጎድ ብሎ ተመለሰ፣ ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅም አሰማ። ፋይበርግላሱ ከውስጡ ፎም እንደተላቀቀ ገብቶኛል፤ ኤፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ማጣበቂያ) በመርፌ ተሞልቶ ቢጠገን ለውድድር ይበቃ ይሆን?

በአናፖሊስ አካባቢ ጀልባውን ምሰሶው እንደቆመ የሚያሳድር፣ ካታማራኖችንም ለብቻቸው የሚያወዳድር ክለብ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። በማካካሻ ሰዓት፣ ማለትም የፍጥነት ልዩነትን ለማቻቻል ሰዓቱ እየተስተካከለ፣ ከሌሎች ዓይነት ጀልባዎች ጋር መወዳደሩን እምብዛም አልወደውም።