በአረንጓዴ አለት ውስጥ የሚያልፍ ጥንታዊ ስብራት ውኃ ይገኝበታል?

ጠያቂ (መምህር)፦ ጤና ይስጥልኝ። ከዓድዋ በስተደቡብ፣ ወደ ወርዒ ወንዝ በሚወርደው ሸለቆ አስተምራለሁ። ነዋሪዎቹ በእጅ የሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ ለማውጣት ተነሥተው ቦታ እንድጠቁማቸው ጠይቀውኛል። መሬቱ በመዶሻ ሲመታ በስሱ እየተሰነጠቀ የሚወጣ አረንጓዴ አለት ሲሆን፣ ሃያ እርምጃ ያህል ስፋት ያለው የተጨፈለቀ ቀበቶ ያቋርጠዋል። ይህ አለት በአካባቢያችን ካለው ጥቁር ባዛልት ጋር አንድ ነው? ቀበቶው ጥንታዊ የመሬት ስብራት ከሆነስ ውኃ ይይዛል?

መልስ (የጂኦሎጂ ባለሙያ)፦ አንድ አይደሉም። ባዛልቱ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ አረንጓዴው አለት ግን ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረና የዓረቢያ–ኑቢያ ጋሻ ከሚባለው ጥንታዊ መሠረት የሚመደብ ነው። እርሱም በዘመኑ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነበር፤ በኋላ ግን አህጉራት ሲጋጩ ወደ ጥልቅ ገብቶ፣ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ሙቀትና በከባድ ግፊት ማዕድናቱ ክሎራይትና ኤፒዶት ወደሚባሉ አረንጓዴ ማዕድናት ስለተለወጡ አረንጓዴ ሆነ። ለተማሪዎችዎ ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳዩልኝ። በባዛልቱ ላይ ጋዝ ያመለጠባቸው ቀዳዳዎች እንደ እንጀራ ዓይን ክብ ናቸው፤ በአረንጓዴው ላይ ግን እነዚያው ዓይኖች ኳርትዝ ወይም ካልሳይት በሚባል ነጭ ማዕድን ተሞልተው፣ ተጨፍልቀው እንደ ምስር ተጠፍጥፈዋል።

መልስ (የውኃ ቁፋሮ ባለሙያ)፦ ስብራት ሁሉ ውኃ አይይዝም። አለቱ በጥልቀት ሳለ፣ በሙቀት እንደ ሊጥ እየተሳበ የተንሸራተተበት ቀበቶ ሚሎናይት የሚባል፣ ደቃቅና እርስ በርሱ የተጣበቀ አለት ስለሚፈጥር በራሱ ውኃ አያሳልፍም። ወደ ገጸ ምድር ቀርቦ በቀዝቃዛ ሁኔታ የተሰባበረው ግን ስንጥቁ ክፍት ከሆነ ጥሩ የውኃ መንገድ ነው። አንድ ቀበቶ ሁለቱንም ታሪክ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ቁራሽ አንሥተው ይዩልን።

ጠያቂ፦ ዛሬ ሄጄ አየሁ። መካከሉ እንደ ክር በተሳቡ ነጭና አረንጓዴ መስመሮች የተሞላ ጠንካራ አለት ነው። በምሥራቅ ዳርቻው ግን ማዕዘናቸው የሾለ ስብርባሪዎች አሉ፤ በመካከላቸው የዛገ ቀለም ይታያል፤ እዚያው ሦስት ሾላዎች በመስመር በቅለዋል።

መልስ (የውኃ ቁፋሮ ባለሙያ)፦ እንግዲያውስ መካከሉን ይተዉት። ዝገቱ ውኃ በስንጥቆቹ ውስጥ እንዳለፈ፣ ሾላዎቹም እርጥበቱ ቅርብ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማሉ። በስብርባሪዎቹ መካከል በእጅ የሚለወስ ሸክላ ካለ ግን ውኃውን ይዘጋልና፣ ከሸክላው ወደ ላይኛው ተዳፋት ፈቀቅ ብሎ የተሰባበረውን አለት መፈለግ ይሻላል። ከመቆፈራችሁ በፊት የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት በምሥራቁ ዳርቻ አቋርጦ የኤሌክትሪክ ልኬት (መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለካ ምርመራ) እንዲያደርግላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደረቅ ጉድጓድ የመንደሩን ጉልበት ይበላል።

መልስ (የጂኦሎጂ ባለሙያ)፦ ጉድጓዱ ከመጸዳጃ ቤትና ከከብት በረት ወደ ላይ ባለው ተዳፋት ይሁን፤ ስንጥቅ ውኃን ሳያጣራ በፍጥነት ያሳልፋልና።