ጥቆማ፦ ካኖላ፣ ኑግ ወይስ የሱቁ ዘይት? (ድሬና ሐረር)

«እናቴ ኮሌስትሮሏ ከፍ ብሎ ሐኪሙ ዘይት ቀይሪ አላት፣ ድሬ ላይ ካኖላ ይሻላል ወይስ ኑግ?» ብላ የጠየቀች እህት አለች። ካኖላ ይሻላታል። ግን ከየት እንደምትገዢው ካላየሽ ገንዘብሽን ነው የምትጥይው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ካኖላ የጎመን ዘር ዘይት ነው፣ ግን እናቶቻችን ምጣድ የሚያስሱበት የአገራችን ጎመን ዘር አይደለም፣ ዘመዱ ነው። የእኛው ዘይት ውስጥ ኢሩሲክ አሲድ የሚባል ነገር በብዛት አለ፣ ብዙ ጊዜ 40 በመቶ አካባቢ። አይጦች ላይ ሲሞከር ልባቸው ላይ ስብ አከማችቷል። ሰው ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ባይረጋገጥም ጥንቃቄው ከዚያ መጣ። ካናዳዎች በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ዘሩን አዳቅለው አሲዱን አወረዱት፣ ዛሬ ካኖላ የሚባለው ከ2 በመቶ በታች ነው። ምጣዱን ማሰስ ቀጥሉ አቦ፣ ያቺ ጠብታ ምንም አትል። በጀሪካን የመጣ የጎመን ዘር ዘይት «ያው ካኖላ ነው» ለሚልሽ ግን ጆሮ አትስጪው።

ለእናትሽ የሚጠቅማት ምኑ ነው? ካኖላ ውስጥ ያለው የሚረጋው ዓይነት ስብ 7 በመቶ ገደማ ነው፣ የፓልም ዘይት (ያ በየሱቁ ያለው) ውስጥ ግን ግማሽ ያህሉ። ፓልሙን ወይ ቅቤውን ትታ በካኖላ ከተካች መጥፎው ኮሌስትሮል ይወርዳል። በቅቤው ላይ ካኖላ ከጨመረችበት ግን ምንም አልሠራችም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት የየትኛውም ይሁን 120 ካሎሪ አካባቢ ነው። ካኖላ ለልብ ይጠቅማል የሚባለው ኦሜጋ 3 የሚሉት ስብም አለው፣ ኑግ ግን እሱ የለውም ማለት ይቻላል፣ አብዛኛው ኦሜጋ 6 የሚባለው ሌላው ዓይነት ነው። ለሽሮ ጣዕም ከሆነ ግን እኔ ኑግን በምንም አልቀይርም።

አሁን ወደ ግዢው። ሐረር ያለችው አክስቴ ጋ በብርድ ሰሞን ከድሬ ዘይት ይዤ ሄጄ ነበር፣ ጠርሙሱ ላይ ትልቅ ሱፍ አበባ ተስሎበታል። ጠዋት ስንነሳ ከጠርሙሱ ሥር እንደ ሞራ ነጭ ነገር ተኝቷል። «ጥሩ ነው ያልሽኝ ይሄንን ነው?» አለችኝ። እኔ ቤት ወር ሙሉ ውሃ መስሎ ነበር! ለካ የድሬ ሙቀት ነው ሲሸፍንለት የከረመው። መነጽሬን አድርጌ የጀርባውን ጥቃቅን ጽሑፍ ሳነብ ፓልም ይላል። ስለዚህ ድሬ ላይ በዓይን አትመኑ፣ ትንሽ በብርጭቆ ቀድታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ካኖላና ሱፍ ፈሳሽ ሆነው ያድራሉ። የለውዝ ዘይትም በብርድ ሊደፈርስ ስለሚችል እሱን በዚህ አትፍረዱበት።

ሁለተኛው የድሬ ጣጣ ፀሐይ ነው። ካኖላ ያ ኦሜጋ 3 ስላለው ሙቀትና ብርሃን ቶሎ ያበላሸዋል። አንድ ጊዜ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ደጅ ላይ ከተደረደረው አንስቼ ገዛሁ (የሱቁ ስም ይቅር)፣ ቤት ስከፍተው የአሮጌ ቀለም ሽታ። ድስቱም ወጡም ተደፋ። ከዚያ ወዲህ ከዚራ አካባቢ ጥላ ውስጥ፣ ከኋላ መደርደሪያ የሚያስቀምጡትን ነው የምገዛው፣ ትንሽ ይወደዳል። ቀፊራ ስገባ ደግሞ ሰውየውን «ከውስጥ አምጣልኝ» እለዋለሁ፣ ቀኑንና ክዳኑን አያለሁ፣ ከበርሜል እየቀዱ የሚሸጡትን አልነካም። ታይዋን ገበያ (እዚሁ ድሬ ያለው) ርካሽ ይገኛል፣ ግን ጽሑፉን ማንበብ ለማይችል ሰው አልመክርም።

የባቢሌ ለውዝ ዘይት እንዴት ነው ላላችሁኝ፣ ጣዕሙ ሌላ ነው። ሳይጣራ የሚጨመቅ ከሆነ ግን ለውዙ ሻጋታ እንዳልነካው እዩ፣ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታው መርዝ ጉበት ላይ ነው የሚሄደው።

ሳምቡሳና ባጅያ የምትጠብሱ ደግሞ፦ የተጣራ ካኖላ መጥበሻውን ይችላል፣ አንድ ዘይት ሦስት ቀን እያጠቆራችሁ መጥበስ ግን የትኛውንም ዘይት ይገድለዋል።

እህቴ፣ ለእናትሽ አንድ ሊትሩን ግዢ፣ አምስት ሊትሩ ርካሽ ቢሆንም። ከምድጃው ራቅ አድርገሽ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው፣ ከተከፈተ በሁለት ወር ውስጥ እንዲያልቅ።