ወንዶቹ ገብስማ፣ ቄቦቹ ጥቁር ሆኑብኝ

ባሕር ዳር ሽምብጥ፣ ጓሮዬ ውስጥ ኮኮክ የሚባለው ዝርያ ሴት ዶሮዎች አሉኝ። ጥሩ ይጥላሉ፣ መታቀፍ ላይ ግን የሉበትም። አውራው ቀይ የሐበሻ ዶሮ ነው። እንቁላሉን ለሐበሻ ዶሮ አስታቅፌ አስፈለፈልኩ (ደግ እናት ናት፤ እጅ ካስጠጉባት ግን ትነቁራለች)።

ጫጩቶቹ ሲያድጉ ግራ ገባኝ። ወንዶቹ በሙሉ እንደ ኮኮክ እናቶቻቸው ገብስማ ሆኑ። ቄቦቹ በሙሉ ጥቁር፤ አንዳንዶቹ አንገታቸው ላይ ትንሽ ቀይ ጣል ብሎባቸዋል። ደግሞ አውራ የሆኑት ሲፈለፈሉ አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ የነበራቸው ናቸው።

ጎረቤቴ «መኖው ነው» አለኝ። መኖ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ቀይ አውራ አስገባሁ፣ ያው ነው። መቼም መኖ ወንድና ሴት ለይቶ ቀለም አይቀባም!

የምፈልገው ገብስማ ሆና እንደ ሐበሻ የምትታቀፍ ቄብ ነው። እኔ በምሸጥበት ገበያ ጥቁር ቄብ ፈላጊ የላትም። ቀይ የሐበሻ ሴት ዶሮዎችም አሉኝ።

ገብስማ ቄቦች እንዲወጡልኝ ለእነዚህ ቀያይ ሴቶች ከተዳቀሉት ገብስማ አውራዎች አንዱ ይበቃል ወይስ ንጹህ የኮኮክ አውራ ልግዛ?