የጀሪካን ወንበር፦ ብልሃት ነው ወይስ ልጅ ላይ መሞከር?

አወያይ፦ ሰሞኑን አንድ አባት ከቢጫ ጀሪካን የሠራውን የልጅ መቀመጫ ፎቶ ለጠፈ። ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ (ሲፒ፦ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት፣ ራሱን ችሎ አይቀመጥም። ግማሹ ሰው «እጅህ ይባረክ» አለው። ግማሹ «ልጁን ልታበላሸው ነው» ብሎ ተቆጣ። እስቲ በግልጽ እንከራከር። እንደ ፊዚዮቴራፒ ያለ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የማያገኝ ወላጅ ቤት ባለው ዕቃ ልጁን ቢያለማምድ ይበረታታ ወይስ ይቅር? ስድብ አጠፋለሁ።

የአቡሽ አባት፦ ለጣፊው እኔ ነኝ። ፊዚዮቴራፒ ያለበት ሆስፒታል ለመድረስ ሁለት መኪና እንቀያይራለን። ልጁ አድጓል፣ እናቱ አዝላው ወገቧ አለቀ። ጀሪካኑን በጎን ቆረጥኩት፣ ጠርዙ እንዳይቧጭረው በጨርቅ ሰፋሁት፣ ውስጡን በአሮጌ ብርድ ልብስ ደለደልኩት። በፊት ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ ቆርቆሮ ነበር የሚያየው። አሁን ቁጭ ብሎ ቡና ሲፈላ ያያል፣ ይስቃል። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ወንድሜ፣ ጥፋት አላልኩም። ግን ፎቶውን ደግመህ እየው። ዳሌው ወደ ፊት ተንሸራቷል፣ ጀርባው ጎብጧል፣ እግሩ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ለረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ልጅ አከርካሪው ሊጣመም ይችላል። ከወንበሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ከቪዲዮ አይተው የልጁን እግር የሚጎትቱ አሉ። የተገተረ ጡንቻ በኃይልና በፍጥነት ሲሳብ ይብስበታል። ቆሞ የማያውቅ ልጅ ደግሞ አጥንቱ ስስ ነው። በዚህ የተሰበረ እግር በዓይኔ አይቻለሁ።

የሚጣ እናት፦ ይሄ ለሲፒ ልጆች ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። የኔ ልጅ ግን ኦቲዝም ነው ያለባት። ማንኪያ ደብቄ ታፈላልጋለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ልንወጣ ስንል ጫማዋን አሳያትና ራሷ በሩ ጋ ትቆማለች። ይህንን ለማድረግም ፈቃድ ልጠይቅ? (ማንኪያውን መጀመሪያ ጤፍ ውስጥ ነበር የምደብቀው። አማቴ «እህል አይቀለድበትም» ብለው ከለከሉኝ። አሁን በአሸዋ ነው።)

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ለሱማ ማንንም አትጠይቂ። ባቄላና ዶቃ ብቻ አፏ ውስጥ እንዳትከት፣ ያንቃታል።

የሕግ ባለሙያው፦ ይቅርታ፣ እኔ ግን ጭብጨባው ራሱ ያስፈራኛል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ ይመድባል ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 26 የተሃድሶ አገልግሎት በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመር፣ ገጠርም ቢሆን ሰው ከሚኖርበት ቅርብ እንዲሆን ያዛል። እኛ ጀሪካን እየቆረጥን ፎቶ ስንለዋወጥ ይህን መፈጸም ያለበት ቢሮ እፎይ ይላል። «ወላጆች ተወጥተውታል» ይባላል። ደግሞ ወላጅ ሲባል ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። ሥራዋን ለቃ ቤት የቀረችው እናት ናት።

የሚጣ እናት፦ እውነትህን ነው። ግን አቤቱታህ መልስ እስኪያገኝ ልጄ ለአቅመ ሔዋን ትደርሳለች። እስከዚያ እጄን አጣጥፌ ልጠብቅ?

የሜሪላንዷ እናት፦ ከአሜሪካ ልጨምር። እዚህ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች በሕግ የተደነገገ አገልግሎት አለ፣ ባለሙያዋ ቤት ድረስ ትመጣለች። መጀመሪያ ቀን የመኪና ሙሉ መሣሪያ ይዛ ትመጣለች ብዬ ሳሎኑን ሳስለቅቅ ዋልኩ። ባዶ እጇን መጣች! የሶፋውን ትራስ፣ ፎጣ፣ የልብስ ቅርጫት አንስታ ሥራ ጀመረች። ልጄን በተጠቀለለ ፎጣ ላይ በደረቱ አስተኝታ አንገቱን እንዲያነሳ ያለማመደችኝ እሷ ናት። ስለዚህ በቤት ዕቃ መሥራት የድሃ አገር መላ ብቻ አይደለም። ግን በየሳምንቱ እየተመለሰች እጄን ታርም ነበር።

የሕግ ባለሙያው፦ መሰከርሽልኝ! የጎደለን ያ የሚያርም እጅ ነው። እሱን ደግሞ ከጀሪካን አትቆርጪውም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ እስማማለሁ፣ ግን ወላጅን ማሠልጠንን ከኃላፊነት መሸሽ ጋር አንድ አታድርገው። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ችግር ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና እዚሁ ኢትዮጵያ ተሞክሯል። ከካርቶንና ከዱቄት ሙጫ መቀመጫና መቆሚያ መሥራትም ከዚምባብዌ ተነስቶ ብዙ አገር ገብቷል። ካርቶኑ ተደራርቦ ተጣብቆ በደንብ ሲደርቅ አዋቂ ይሸከማል። ልዩነቱ መጀመሪያ ልጁ ይለካል፣ ሲያድግም እንደገና ይለካል።

አያት፦ ልጆቼ፣ እኛ እኮ በቅቤ እያሸን ነው ያሳደግነው። የልጅ ልጄን ወጌሻም አይቶታል። ምግብ እምቢ ሲል አስተኝተን እንግተዋለን። አሁን ግን ሳሉ አልለቀው አለ።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ እማማ፣ በቀስታ ማሸትዎ ደግ ነው፣ ይቀጥሉበት። ወጌሻው ግን እንዳይጎትተው። እባክዎ አስተኝተው አይጋቱት። ምግቡ በትንታ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ሳሉም ከዚያ ሊሆን ይችላል። ቀና አድርገው ያስቀምጡት፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ይጠጋ፣ በትንሽ ማንኪያ ወፈር ያለ ነገር ይስጡት፣ እስኪውጥ ይጠብቁት። ለሳሉ ነገ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እናንተ ስለ ወንበር ስትጨቃጨቁ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ለማስተካከል አንድ ብር አይጠይቅም፣ ግን የነገራቸው የለም።

አወያይ፦ ከዚህ በኋላ የጡንቻ መሳብ ቪዲዮ ማንም እንዳይለጥፍ፣ አጠፋዋለሁ። የመጫወቻና የመቀመጫ ፎቶ ይቀጥላል። የማትስማሙ ጻፉ።

የሕግ ባለሙያው፦ ክልከላው ጥሩ ነው። ለጤና ቢሮ የሚገባ ደብዳቤ አረቅቃለሁ። በየጤና ጣቢያው ቢያንስ በወር አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስት ይመደብ የሚል። የአቡሽ አባት፣ የጀሪካኑን ፎቶ አባሪ ላድርገው?

የአቡሽ አባት፦ የልጁን ፊት ሸፍነህ አድርገው። እኔን ግን አሁን የያዘኝ እግሩ ነው። ምን ላስረግጠው?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ጡብ ወይም ጣውላ በጨርቅ ጠቅልልና ሙሉ እግሩ ይረፍበት። ጉልበቱ እንደ ማዕዘን ይታጠፍ። ዳሌው እንዳይንሸራተት ከጭኑ ስር ከፊት በኩል ብርድ ልብሱን ከፍ አድርገው። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታስቀምጠው። ከዚያ ከጎኑ ፎቶ አንሳና ላክልኝ።

የሕግ ባለሙያው፦ ሕክምና በፎቶ! ይኸው ደረስንበት።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ደብዳቤህን አምጣ፣ እፈርማለሁ። ፎቶውንም አየዋለሁ።

የአቡሽ አባት፦ መብራት የለም። ጠዋት አነሳዋለሁ።